አተር የምትፈለፍለው ሴት፦ ስለ ገጠር ሴቶች ለመጻፍ ለሚያስቡ ወጣቶች

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ስለ እናቶቻችሁና ስለ አያቶቻችሁ የገጠር ኑሮ አጭር ልቦለድ ለመጻፍ መነሣታችሁ ደስ ያሰኘኛል፤ ረቂቆቻችሁን ሳነብ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። በአብዛኞቹ ውስጥ ሴትዮዋ ታለቅሳለች፣ ጸሐፊውም አብሯት ያለቅሳል፤ እጇ ምን ሲሠራ እንደ ዋለ ግን አይታወቅም። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ ወደ አንዲት አሜሪካዊት ደራሲ የተመለስኩት በዚሁ ምክንያት ስለሆነ፣ ዛሬ ስለ እሷ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ሜሪ ዊልኪንስ ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ1852 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ራንዶልፍ በተባለች ከተማ ተወለደች። ስለ እሱ የጻፈችው የኒው ኢንግላንድ፣ ማለትም የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ ገጠር ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ብዙ ወንዶች ለም መሬትና የተሻለ ሥራ ፍለጋ ወደ ምዕራብና ወደ ከተማ የፈለሱበት፣ ሳያገቡ የቀሩና ባል የሞተባቸው ሴቶች ቤቱን ይዘው የቀሩበት አገር ነበር። አባቷ አናጺ ነበር፤ ኋላ የጀመረው ንግድ ሳይቃናለት ቀርቶ ቤተሰቡ ሲቸገር እናቷ በሰው ቤት ተቀጥራ ሠርታለች። የሰው ቤት የሚሠራ ባል፣ የራሷ ቤት የሌላት ሚስት፤ ይህን በልባችሁ ይዛችሁ በ1890 ያሳተመችውን «የእናት አመፅ» አንብቡት።

በታሪኩ ውስጥ ሳራ ፔን የገበሬ ሚስት ናት። ባሏ አዶናይራም ሲጋቡ «ዓመቱ ሳያልቅ አዲስ ቤት እሠራልሻለሁ» ብሏት ነበር። አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ያው ቤቱ ሊቆምበት በታሰበው ቦታ ላይ ሌላ የከብት በረት ሊሠራ መሠረት ያስቆፍራል። ሳራ ቁፋሮውን በመስኮት እያየች ሊጥ ትዳምጣለች፤ የምትጋግረውም ባሏ ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ፓይ፣ በሊጥ ውስጥ ሙሌት ተደርጎ የሚጋገረውን ምግብ ነው። ከዚያ በኋላ ጠርታ ታስገባዋለች፤ ምንጣፍ የሌለውን ወለል፣ የቆሸሸውን የግድግዳ ወረቀት፣ አርባ ዓመት ሙሉ የሠራችበትን፣ የበላችበትንና የተቀመጠችበትን አንዷን ክፍል እያሳየች ትማፀነዋለች። እሱ የሚመልሰው «የምለው የለኝም» ብቻ ነው።

ያንን ፓይ ለዓመታት የመገዛት ምልክት ነው እያልኩ አስተምሬአለሁ፤ ተሳስቼ ነበር። ያረመችኝ ከገጠር የመጣች ተማሪዬ ናት። «እናቴም አባቴን ስትቀየመው ምሳውን አታጓድልበትም» አለችኝ፤ «ወጡ ከጎደለማ በወጡ ያመካኛል። ምንም ካልጎደለ ግን የሚቀረው ጥያቄዋ ብቻ ነው።» ከዚያች ቀን ወዲህ ታሪኩን ያለ እሷ ቃል አንብቤው አላውቅም።

ባልየው ፈረስ ሊገዛ ሲሄድ ሳራ ዕቃዋን ጭና ከነልጆቿ አዲሱ በረት ውስጥ ትገባለች። ጋጣዎቹን በብርድ ልብስ ጋርዳ መኝታ ቤት ታደርጋቸዋለች። መንደሩ ይታመሳል፤ ቄሱ ሊመክሯት ሲመጡ አተር እየፈለፈለች ታገኛቸዋለች፤ ነገሩን ደጋግማ እንዳሰበችበትና እንደጸለየችበት፣ ጉዳዩም በእሷ፣ በእግዚአብሔርና በአዶናይራም መካከል እንደሆነ ትነግራቸዋለች። ደራሲዋ በዚህ ቦታ ስለ ሴቶች መብት አንድ ዐረፍተ ነገር አልጨመረችም፤ ብትጨምር ኖሮ አተሩ ይረሳ ነበር። ባሏ ሲመለስም ፊቱን የሚታጠብበት ውሃ ቀርቦ፣ ቅዳሜ ማታ የሚወደው ዳቦና ቦሎቄ ተሰናድቶ ይቆየዋል። በመጨረሻ የሚያለቅሰው ባልየው ነው፤ ነገሩ በልቧ ይህን ያህል ሥር እንደ ሰደደ አላውቅም ነበር ይላታል።

የፍሪማን ሴቶች ሁሉ ግን እንደ ሳራ አይደሉም። ሌላዋ ባለታሪኳ ሉዊዛ ኤሊስ አውስትራሊያ የሄደ እጮኛዋን አሥራ አራት ዓመት ጠብቃ፣ ሲመጣ ግን ብቻዋን የኖረችበትን ጸጥታ መርጣ በሰላም ታሰናብተዋለች። አንዳንዴ የሰፋችውን ፈትታ እንደገና የምትሰፋው ስፌቱ ራሱ ደስ ስለሚላት ነው። ለእንዲህ ያለች ሴት የእናንተ ኀዘኔታ አያስፈልጋትም።

በ1917 ፍሪማን ራሷ ስለ «የእናት አመፅ» ስትጽፍ፣ እንደ ሳራ ያለች ሴት በኒው ኢንግላንድ ኖራ እንደማታውቅና ታሪኩ እውነት እንዳልሆነ ገልጻ ተጸጽታለች። እኔ ግን ከእሷ ጋር አልስማማም። በረት ውስጥ የገባች ሴት በዚያ አገር ላትኖር ትችላለች፤ ልቧ እየነደደ ሊጡን አሳምራ የዳመጠች ሴት ግን በዚያም ነበረች፣ ተማሪዬ ባደገችበት ቤትም ነበረች።

ስለዚህ ረቂቃችሁን ከመላካችሁ በፊት ሴትዮዋ መናገር የምትጀምርበትን ገጽ መልሳችሁ እዩልኝ። በዚያች ሰዓት ሽሮ እያማሰለች ነበርን? ጥጥ እየፈተለች ነበርን? ንግግሯ ያን ጊዜ እጇን አቆመው ወይስ አላቆመውም?