አሠልጣኝ፣ አማካሪ፣ አወያይ ወይስ ኮች?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ፣ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው የምሠራው። «ለቡድናችሁ የኮቺንግ ሥልጠና ይሰጣል» የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ኮቺንግና ሥልጠና አንድ ናቸው እንዴ? አማርኛስ የለውም?

መልስ፦ አንድ አይደሉም። የሚያምታታን ኳሱ ነው። የእግር ኳሱን ኮች «አሠልጣኝ» ስለምንለው ቃሉ ለቢሮውም የሚሆን ይመስለናል። የቢሮ አሠልጣኝ ግን የሚያውቀውን ይዞ መጥቶ ያስተምራል። ስለ ዕቅድ አዘገጃጀት ቢያሠለጥን፣ ለደጀን ቡድንም ለቡሬ ቡድንም ትምህርቱ ያው ነው። አማካሪ ችግራችሁን አጥንቶ መፍትሔውን ጽፎ ይሰጣል። አወያይ፣ በቢሮ አማርኛ «አመቻች» የሚባለው፣ የዕለቱን ውይይት መርቶ ይሄዳል።

የቡድን ኮች ሥራው ሌላ ነው። ሰኔ በመጣ ቁጥር የማዳበሪያ ሥርጭታችሁ ይዘገያል እንበል። ኮቹ የሰኞ ስብሰባችሁ ላይ ዳር ይዞ ይቀመጣል። ሁለት ሰው ብቻ ሲያወራ፣ ሌላው ራሱን ሲነቀንቅ ያያል። ልትነሡ ስትሉ «አሁን ምን ወሰናችሁ? የሚሠራውስ ማን ነው?» ይላል። ዝም ትላላችሁ። ዝምታውን እሱ አይሞላላችሁም። ለወራት እየተመላለሰ እንዲህ ያደርጋል።

ከግለሰብ ኮቺንግም ይለያል። በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርመዋል። እዚያ የሚታነጸው አንድ ሰው ነው፤ በግለሰብ ኮቺንግም እንዲሁ። በቡድን ኮቺንግ ግን ተገልጋዩ ቡድኑ ራሱ ነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ሪቻርድ ሃክማንና ሩት ዌግማን በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ኮቺንግ ሥራው ሲጀመር ተነሣሽነት ላይ፣ አጋማሹ ላይ የአሠራር ስልት ላይ፣ ሲያበቃ ደግሞ ከሥራው መማር ላይ ቢያተኩር ይጠቅማል ብለዋል። ስለዚህ የሁለት ቀን የአዳራሽ ፕሮግራም ኮቺንግ አይባልም ብዬ እከራከራለሁ።

አማርኛውን በተመለከተ፣ ሰዎች እርስ በርስ ሲመክሩ «ተመካከሩ»፣ ሌላው እንዲመክሩ ሲያደርጋቸው «አመካከራቸው» እንላለን። ምክሩ የሚወጣው ከራሳቸው ነው። «የቡድን አመካካሪ» ለሥራው በጣም የሚቀርብ ይመስለኛል። ለጆሮ እንግዳ ከሆነባችሁ ግን «የቡድን ኮቺንግ» ብሎ መጻፍ ምንም ነውር የለበትም።

«የኮቺንግ ሥልጠና» ግን ኮች ለመሆን የሚማሩ ሰዎች የሚወስዱት ነው። ደብዳቤውን የላከውን ክፍል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት። የሚመጣው ሰው ስንት ጊዜ እንደሚመለስም አብራችሁ ጠይቁ።