ዶሮዬ እንቁላሉ አልወጣ አላት፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። ግቢዬ ውስጥ ስድስት ቦቫንስ ብራውን ዶሮዎች አሉኝ። በቄብነታቸው ገዝቼ ያሳደግኳቸው ናቸው፤ መጣል ከጀመሩ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም። አንዷ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ መጣያው ውስጥ እየገባች ታምጣለች፣ ሳትጥል ትወጣለች። ዛሬ ጭራዋን ዝቅ አድርጋ ጥግ ይዛ ቆማለች። መኖም አልነካችም። ጎረቤቴ "ሆዷን ጫን ጫን አድርገሽ አውጪው" አለችኝ። እኔ ግን ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እንኳንም ፈሩ። ሆዷን በፍጹም አይጫኑ። እንቁላሉ ውስጧ ከተሰበረ ቅርፊቱ የማህፀኗን ግድግዳ ይቆርጣል፣ የፈሰሰው አስኳልም ኢንፌክሽን ያመጣል። ብዙ ዶሮዎች የሚሞቱት በተቀረቀረው እንቁላል ብቻ ሳይሆን እሱን ለማውጣት በሚደረግ ትግል ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንቁላል መሆኑን ያረጋግጡ። ጓንት ያድርጉ፣ ጣትዎን ዘይት ወይም ቫዝሊን ይቀቡ። ሌላ ሰው ዶሮዋን ክንፏን ሰብስቦ ይያዝልዎት። ጣትዎን በመውጫዋ በኩል ቀስ አድርገው ቀጥታ ሲያስገቡ፣ እንቁላሉ ካለ ብዙም ሳይርቅ ጠንካራ ነገር ይነካዎታል። ምንም ካልነካዎት ወደ ውስጥ አይግፉ። ለመታቀፍ የፈለገች ዶሮም መጣያው ላይ ትቀመጣለች፤ እሷ ግን ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች እንጂ አታምጥም። አንገት መጣመም፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ወይም የመተንፈስ ችግር ካዩ፣ በተለይ ከአንድ በላይ ዶሮ ላይ ከሆነ፣ ፈንግል ሊሆን ይችላል። ያኔ የታመሙትን ለይተው ቶሎ ባለሙያ ይጥሩ።

እንቁላል ከሆነ ዋናው መድኃኒት ሙቀትና ጸጥታ ነው። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ያድርጉ፤ ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ይበቃል። ቴርሞሜትር ከሌለዎት ሕፃን ሲያጥቡ እንደሚያደርጉት በክርንዎ ይለኩት። ውሃው ሆዷንና መውጫዋን ይሸፍን፣ ደረቷና ራሷ ከላይ ይሁኑ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይዘዋት ይቆዩ። ሲቀዘቅዝ ሙቅ ውሃ ይጨምሩበት፤ በቀጥታ ግን አያፍስሱባት። መጀመሪያ ትታገላለች፣ ሙቀቱ ሲሰማት ግን ትረጋለች። አንዳንዷ እዚያው ሳፋው ውስጥ ትጥላለች።

ካወጧት በኋላ በፎጣ በደንብ ያድርቋት። ውሃ እንደያዘች አዳማ ሞቃት ናት ብለው አይተዋት፤ ርጥብ ዶሮ ቶሎ ትበርዳለች። መውጫዋን ዘይት ቀብተው ጭድ ባለበት ካርቶን ውስጥ፣ ጨለም ባለና ሞቅ ባለ ቦታ ብቻዋን ያስቀምጧት። የሚጠጣ ውሃ አጠገቧ ይኑር። በየደቂቃው ከፍተው አይመልከቷት፤ ስትረበሽ ማማጧን ታቆማለች። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ካልወጣ ነከራውን አንዴ ይድገሙት።

ካልሲየምም ያስፈልጋታል። ካልሲየም ለቅርፊት ብቻ አይደለም፤ እንቁላሉን ወደ ውጭ የሚገፋው ጡንቻ የሚኮማተረው በእሱ ነው። ከእንስሳት መድኃኒት መደብር ለዶሮ የሚሆን ፈሳሽ ካልሲየም ገዝተው፣ ዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ይስጧት።

የእርስዎ ዶሮ ከጀመራት አንድ ቀን አልፏታል። ስለዚህ ነከራው ዛሬ ካልሠራ ለነገ አያሳድሩት፤ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። የተቀረቀረ እንቁላል ኩስ መውጫዋን ይዘጋል፣ የእግሯን ነርቭም ይጫናል። እግሯ ከዛለ ወይም ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ከገረጣ ነከራ ሳይጠብቁ አሁኑኑ ይሂዱ። ሐኪሙ የካልሲየም መርፌ ሊሰጣት፣ እንቁላሉንም በመርፌ መጥጦ ሊያወጣው ይችላል። ይህን ቤት ውስጥ አይሞክሩት።

ብዙ ስታምጥ ቀይ ሥጋ ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል። ይህ ማህፀኗ ነው። ያኔ የመጀመሪያው ሥራ ከሌሎቹ መለየት ነው፤ ዶሮዎች ቀይ ነገር ካዩ ይጠቀጥቃሉ፣ በደቂቃዎች ውስጥ አንጀቷን ሊጎትቱት ይችላሉ። ሥጋውን ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ይጠቡ። ካበጠ ስኳር በትንሽ ውሃ ለውሰው ይቀቡት፣ እብጠቱን ይቀንሰዋል። ከዚያ ጓንት አድርገው በዘይት ቀስ ብለው ይመልሱት። ቢመለስም ባይመለስም ሐኪም ይያት፣ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይወጣልና።

አሁን ወደ አምስቱ ልምጣ፤ እነሱም ያሳስቡኛል። ምን እንደሚበሉ አልነገሩኝም። የእንጀራ ፍርፋሪ፣ በቆሎና ፉርሽካ ብቻ ከሆነ ካልሲየም በጣም ያንሳቸዋል። አንድ የእንቁላል ቅርፊት ብቻ 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይወስዳል፤ ከመኖዋ ካላገኘች ከአጥንቷ ትቀንሳለች። ትክክለኛ የእንቁላል ጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም አለው። አንዷ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ይበቃታል። በተጨማሪ የእንቁላል ቅርፊት አጥበው፣ ምጣድ ላይ አድርቀውና አድቅቀው ለብቻው በዕቃ ያስቀምጡላቸው፤ የፈለገችው ትለቅማለች። ቅርጹ ሳይጠፋ ከሰጧቸው ግን እንቁላል መብላት ይለምዳሉ። መጣል ላልጀመሩ ቄቦች ይህን አይስጡ፣ የበዛ ካልሲየም ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

ፍርፋሪና በቆሎ ሲበዛ ደግሞ ይሰባሉ። የሰባች ዶሮ እንቁላል ለመግፋት ትቸገራለች። ስለዚህ ቀን ቀን ግቢ ውስጥ ይልቀቋቸው፤ ፀሐዩም ካልሲየሙ በሰውነታቸው እንዲሠራ ይረዳል። ማታ አምፖል የሚያበሩ ከሆነ ከተፈጥሮ ብርሃኑ ጋር ከ16 ሰዓት አይለፍ።

ዶሮዋ ከዳነች በኋላ የሚቀጥሉትን እንቁላሎች ይከታተሉ። ቅርፊቱ ስስ ወይም ቅርፊት የሌለው ከሆነ የመኖው ችግር አልተፈታም ማለት ነው። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ካዘዘላት፣ እንቁላሏም ሥጋዋም ለስንት ቀን እንደማይበላ ሳይጠይቁ ከክሊኒኩ አይውጡ።