ፎከስ በገዛ እጅ፦ ስለ ዲጂታል ሬንጅፋይንደር ካሜራ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ከተማ የሰርግና የምርቃት ፎቶ በማንሳት የምተዳደር ባለሙያ ነኝ። እስካሁን የሠራሁት በዲኤስኤልአር ካሜራ ነው። በቅርቡ ከውጭ አገር የመጣ ዘመዴ ያገለገለ ላይካ ኤም ታይፕ 240 ዲጂታል ሬንጅፋይንደር (በጥግ መስኮት እያዩ ፎከሱን በእጅ የሚያደርጉበት ካሜራ) ከ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ሰጥቶኝ ሄደ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ አጥማጆቹን ሳነሳ የተሰማኝን ደስታ ለባልደረቦቼ ባወራቸው፣ «ራሱ ፎከስ የማያደርግ፣ ዙም የሌለው ካሜራ ይዘህ ወደ ኋላ ተመለስክ» አሉኝ። ደስታዬ የአዲስ ዕቃ ፍቅር ብቻ ነው ወይስ ምክንያት አለው? ዲኤስኤልአሩን ሸጬ ጠቅልዬ ብገባበትስ ይሻላል?

መልስ፦ ደስታዎ በቂ ምክንያት አለው። የአዲስ ዕቃ ፍቅር ጥቂት ሰንብቶ ይበርዳል፤ እርስዎ የገለጹልን ግን ከካሜራው አሠራር የሚመነጭ ስለሆነ ካሜራው ሲያረጅም አብሮት ይቆያል። እኔም በሐይቁ ዳርቻ በዚህ ዓይነት ካሜራ ማንሳት ከጀመርኩ ወዲህ ሙያዬን የበለጠ ስለወደድኩት፣ ጥያቄዎን ሰፋ አድርጌ ብመልስ ደስ ይለኛል።

ልዩነቱ የሚጀምረው ዓይንዎን ከሚያሳርፉበት ቦታ ነው። በዲኤስኤልአር የሚያዩት በሌንሱ በኩል የገባውን ምስል ሲሆን፣ በሌንሱና በሴንሰሩ (ምስሉን በሚቀበለው ክፍል) መካከል ያለው መስታወት ብርሃኑን ወደ ላይ መልሶ ለዓይንዎ ያደርሰዋል። ሹተሩን (የማንሻውን ቁልፍ) ሲጫኑ መስታወቱ ከመንገድ ይነሣል፤ ማያውም ለቅጽበት ይጨልማል። ፎቶው የሚነሳባትን ያቺን ቅጽበት ፎቶ አንሺው ራሱ አያያትም ማለት ነው። ሬንጅፋይንደር ይህ መስታወት የለውም። የሚያዩት ከሌንሱ ተለይታ በካሜራው ጥግ በተሠራች መስኮት ነው፤ በመስኮቷ ውስጥ ያሉት ብሩህ መስመሮች ፎቶው የሚይዘውን ክልል ይለዩልዎታል። ከመስመሮቹ ውጭ ያለውም አይጋረድም፣ ቅርቡም ሩቁም ጠርቶ ይታያል፣ ሹተሩ ሲከፈትና ሲዘጋም ዓይንዎ ላይ የሚወርድ ጨለማ የለም።

አሞራ ገደል ላይ ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም እርስዎ አይተውታል። ጀልባዎቹ ዳር ደርሰው ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ሲራገፍና ሲበለት፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሚጣልላቸውን ትርፍራፊ እየጠበቁ በሰዎቹ መካከል ይቆማሉ። የቢላዋ ያዡን እጅ በዲኤስኤልአር አጥብበው ከያዙ፣ ወፉ ወደ ፎቶው መግባቱን የሚያውቁት ከገባ በኋላ ነው። በሬንጅፋይንደር ግን አባ ኮዳው ገና ከመስመሩ ውጭ ሳለ ክንፉን ሲዘረጋ ያዩታል፤ ባለ ቢላዋው ቀና ሲል፣ አንድ ልጅ ከጀልባዋ ጀርባ ብቅ ሲል ያዩታል፤ መቼ እንደሚጫኑም የሚወስኑት ነገሩን ሲመጣ አስቀድመው አይተው ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ደስታ ይህ ነው፤ ካሜራው ፊቴን ሸፍኖ ከቦታው አያወጣኝም።

ሌላው የደስታ ምንጭ ጣትዎ ላይ ነው። በመስኮቷ መሐል ያለችው ትንሽ ብሩህ አራት ማዕዘን፣ በካሜራው ፊት ካለች ሌላ መስኮት የመጣ ሁለተኛ ምስል ታሳያለች። የሌንሱን ቀለበት ሲያዞሩ የሌንሱ የኋላ ጫፍ በካሜራው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ተሽከርካሪ ይገፋል፤ ያም ግፊት ሁለተኛውን ምስል ወደ ጎን ያንሸራትተዋል። ሁለቱ ምስሎች ተገጣጥመው አንድ ሲሆኑ ፎከሱ በዚያ ርቀት ላይ አርፏል። ካሜራው የትኛውን ፊት እንደፈለጉ አይገምትም፣ ከጀርባ ወዳለው ሰው ዘሎ አይሄድም፤ የመረጡትን ነገር ያወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ባልደረቦችዎ እንደ ጉድለት የቆጠሩት ይህ ነገር ሰውን ሥራው ውስጥ የሚያስገባ ነው። ብዙዎቹ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ሌንሶች ጣት ማሳረፊያ ስላላቸው፣ ሲለምዱት ጣትዎ ያለበትን ቦታ በመዳሰስ ብቻ ርቀቱን ይገምታሉ፤ ካሜራውን ወደ ዓይንዎ ሳያነሱ ፎከሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል።

እዚህ ላይ ከሐይቁ ሥራ ጋር የተያያዘ አንድ ምክር አለኝ፦ በተዘረጋ መረብ ላይ ፎከስ አያድርጉ። የመረቡ ዓይኖች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ የአንዱ ምስል በጎረቤቱ ላይ በትክክል ሊገጥም ይችላል፤ በመስኮቷ ልክ የመሰለው ፎቶ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ደብዝዞ ይገኛል። ይልቁንም የመቅዘፊያውን እንጨት ወይም የአጥማጁን የሸሚዝ ጠርዝ ይምረጡ። ሁለተኛው ምስል የሚንሸራተተው ወደ ጎን በመሆኑ፣ ቆሞ የሚታይ መስመር ከተጋደመ መስመር ይልቅ መግጠም አለመግጠሙን ያሳያል። የተጋደመ መስመር ብቻ ካገኙ፣ ለምሳሌ የጀልባዋ ከንፈር ብቻ ከታየዎት፣ ካሜራውን በቁመቱ ይዘው ይለኩ፤ ከዚያ ወደፈለጉት አያያዝ ይመልሱት።

ፀሐይ ከበረታች ደግሞ በእያንዳንዱ ፎቶ መለካቱ ራሱ አያስፈልግም። በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 8 ላይ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል) ሆነው ፎከሱን 5 ሜትር ላይ ቢያስቀምጡት፣ ከ2.5 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ሩቁ ተራራ ድረስ ያለው ሁሉ በቂ ጥራት ይኖረዋል፤ በአይኤስኦ (ለብርሃን ባለው ንቃት) 200 የቀትር ፀሐይ ሹተሩ የሚከፈተው ለ1/1000 ሰከንድ አካባቢ ስለሚሆን የሚሮጥ ልጅም አይደበዝዝም። ይህ ስሌት የተለመደው በፊልም ዘመን ነው፤ የዲጂታል ሴንሰር በስክሪን ላይ ጎልቶ ሲታይ ስሕተትን አይሸሽግምና፣ ትልቅ አድርገው የሚያሳትሙ ከሆነ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 11 ማጥበብ ይበጃል።

ዲጂታል መሆኑስ ምን ጨመረ? የላይካ ኤም ሌንስ መግጠሚያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ከኤም 3 ካሜራ ጋር ሲሆን፣ ያን ጊዜ የተሠሩ ሌንሶች ዛሬም በእርስዎ ካሜራ ላይ ገጥመው ይሠራሉ። ሬንጅፋይንደርን ዲጂታል ማድረግ ግን ጊዜ ወስዷል። በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት 27.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ መስታወት ላላቸው የኒኮን ኤፍ ካሜራዎች ግን 46.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሌንሱ ይህን ያህል ሲቀርብ ብርሃኑ በሴንሰሩ ዳርና ዳር ላይ አጋድሎ ይወድቃል። ፊልም ይህን ብዙም አይጠላም፤ ሴንሰር ግን ዳሩ ይጨልምበታል፣ ቀለሙም ይዛባበታል። የመጀመሪያው ዲጂታል ሬንጅፋይንደር ኤፕሰን አርዲ 1 እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ፤ ባለ 6 ሜጋፒክስል ሲሆን ሹተሩ የሚወጠረው እንደ ፊልም ካሜራ በእጅ ማንሻ ነበር። ላይካ ኤም 8ን በ2006፣ ሙሉ የፊልም ስፋት ያለው ሴንሰር የያዘውን ኤም 9ን በ2009፣ የእርስዎን ባለ 24 ሜጋፒክስል ታይፕ 240 ደግሞ በ2012 አስተዋወቀ።

ከፊልም ለሚመጣ ሰው ትልቁ እፎይታ አይኤስኦን ከፎቶ ፎቶ መቀየር መቻሉ ነው። ከሐይቁ ዳር ብርሃን ወጥቶ ጨለምለም ወዳለ የዓሣ ቤት ሲገባ፣ የተጀመረው ጥቅል እስኪያልቅ መጠበቅ የለም፤ ፊልም ፍለጋና የሚያጥብ ስቱዲዮ ፍለጋም ቀርቷል። በአንጻሩ ኔጌቲቭ ፊልም የሚታገሠውን የብርሃን ብዛት ዲጂታል አይታገሥም። በሰርግ ቀን የነጠላው ጥበብና የቀሚሱ ሽመና በፀሐይ አንድ ጊዜ ነጭ ሆኖ ከጠፋ በምንም ማስተካከያ አይመለስም፤ ስለዚህ ብርሃኑን ለነጩ ልብስ ይለኩና የፊቱን ጥላ በኋላ በኮምፒዩተር ያብሩት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፦ ዲኤስኤልአሩን አይሽጡ። ሬንጅፋይንደር በቅርብ የሚለካው በአብዛኛው እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የቀለበቱን ዝርዝር ወይም የሙሽራዋን ጣት ላንሳ ቢሉ ይቸግርዎታል። ከ90 ሚሊ ሜትር በላይ ያለ ሌንስ በዚያች ትንሽ መስኮት ማነጣጠር አድካሚ ነው፤ በምርቃት አዳራሽ ከኋላ ወንበር ቆሞ መድረክ ላይ ያለን ተመራቂ ማንሳትም ከዚህ ካሜራ አይጠበቅም። ከሁሉ በላይ ታይፕ 240 የሚይዘው አንድ ሚሞሪ ካርድ ብቻ ነው፤ ለመቀየርም የታችኛው ክዳን መፈታት አለበት። ካርዱ ቢበላሽ ሰርጉ አይደገምም፤ የሰው አደራ ነው።

ነገር ግን በዚያው ሰርግ ላይ ሬንጅፋይንደሩ የበላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሙሽራዋ ከሚዜዎቿ ጋር ስትለባበስ፣ ሽማግሌዎች ሲመርቁ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓቱ ሲፈጸም፣ የመስታወት ጩኸት የሌለበት ትንሽ ካሜራ ሰውን ከስሜቱ አያባንንም። ዲኤስኤልአሩ በአንድ ትከሻ፣ ሬንጅፋይንደሩ በሌላው ይሁን። ያለ ደንበኛ የሚወጡባቸውን ቀናት ግን ሙሉ በሙሉ ለሬንጅፋይንደሩ እንዲሰጡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ አንድ ሌንስ ብቻ ይዘው ይውጡ።

ጥያቄ፦ አባቴ የተውልኝ ዞርኪ 4 የተባለ የሶቪየት የፊልም ሬንጅፋይንደር ካሜራ አለኝ። ፊልም ማግኘት ስለከበደኝ ዲጂታል ሬንጅፋይንደር ለመግዛት እየቆጠብኩ ነው። የዞርኪው ጁፒተር 8 ሌንስ በአዲሱ ላይ ይሠራልኝ ይሆን? (ከሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ)

መልስ፦ ይሠራል። የዞርኪ ሌንስ በጥርስ የሚጠመዘዝ፣ 39 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው፤ መቀመጫው ከላይካ ኤም በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ፣ በመካከል የምትገባ ቀጭን የብረት ቀለበት ልዩነቱን ትሞላለች። ፎከሱም በመስኮቷ በኩል ይለካል፤ የአባትዎ ሌንስ የአዲሱን ካሜራ መለኪያ ልክ እንደ አሮጌው ያንቀሳቅሰዋል።

የሶቪየት ሌንሶች የተለኩት ከላይካ በጥቂቱ በሚለይ መሥፈርት ስለሆነ፣ በቅርብ ርቀትና በኤፍ 2 ፎከሱ ከፈለጉት ቦታ ትንሽ ሊያልፍ ወይም ሊቀር ይችላል። በኤፍ 5.6 ወይም በኤፍ 8 ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ዲጂታል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፈው በተለያየ ርቀት ያንሱና ስክሪኑ ላይ አጉልተው ይመልከቱ፤ ሌንሱ ወዴት እንደሚያዘነብል በአንድ ከሰዓት በኋላ ያውቁታል። በሌላ በኩል ሌንሱ ሩቁ ላይ ሲቆም ካሜራው ራሱ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ፣ ሐይቁ ዳር ቆመው ከወዲያ ማዶ ያለውን የተራራ ጫፍ ይዩ፤ ቀለበቱ መጨረሻው ላይ ሳለ ሁለቱ ምስሎች መግጠም አለባቸው። በሌላ ሌንስም ካልገጠሙ መለኪያው በመንገጫገጭ ወይም በመውደቅ ተዛብቷል ማለት ነውና፣ በራስዎ ጠመንጃ መፍቻ አይነካካ፤ ለሚያውቅ ጠጋኝ ይሰጥ። ጁፒተር 12 የሚባለውን የ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ የኋላ መስታወቱ ወደ ካሜራው ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ፣ ለገዙት ካሜራ መስማማቱን ሳያረጋግጡ አይግጠሙት።

ጥያቄ፦ መነጽር አደርጋለሁ፤ የላይካም ዋጋ ከአቅሜ በላይ ነው። በርካሽ የሚሸጡ ያገለገሉትን ልግዛ ወይስ ሌላ አማራጭ አለ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መነጽር ካደረጉ የ28 ሚሊ ሜትር ሌንስን ክልል የሚያሳዩት መስመሮች በመስኮቷ ዳርቻ ስለሚገኙ ሙሉ ለሙሉ አይታዩዎትም፤ የ50 ሚሊ ሜትር ግን በምቾት ይታያሉ፣ የ35ቱም ለብዙ ሰው ይበቃል። ርካሽ ኤም 8 ካገኙ ሴንሰሩ ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን በሚገባ እንደማያግድ ይወቁ፤ ጥቁር ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ የሙሽራ ሱፍ ጭምር፣ ሐምራዊ ሆኖ ይወጣልና በየሌንሱ ላይ ይህን ብርሃን የሚያግድ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ኤም 9 ከሆነ የሴንሰሩ ሽፋን መስታወት የመበላሸት ችግር በሰፊው ስለታየበት፣ ሴንሰሩ በአዲሱ ዓይነት መቀየሩን ሻጩ በማስረጃ ያሳይዎት፤ ካላሳየ ይተዉት።

ፉጂፊልም ኤክስ 100 እና ኤክስ ፕሮ ካሜራዎች እውነተኛ ሬንጅፋይንደር ባይሆኑም በጥግ ያለች የብርሃን መስኮትና በውስጧ የሚታዩ መስመሮች አሏቸው፤ ፎከሱን የሚያደርገው ግን ካሜራው ነው። ከመስመሩ ውጭ ያለውን እያዩ የማንሳትን ደስታ ይሰጡዎታል፤ ሁለቱን ምስሎች በጣት የማገናኘቱን ግን አይሰጡም። ለእርስዎ የትኛው እንደሚበልጥ የሚያውቁት ይዘው ሲያዩት ነውና፣ ሐዋሳ ውስጥ እውነተኛውን የያዘ ባለሙያ ካገኙ ካሜራውን ለጥቂት ደቂቃ ያውሱኝ ይበሉት፤ መነጽርዎን ሳያወልቁ በመስኮቷ ይዩና ሩቅ ያለ የስልክ እንጨት ላይ ሁለቱን ምስሎች ያግጥሙ።