«ድምፄ አይሰማኝም» ላለችኝ ልጅ ያልሰጠሁት መልስ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት በቤቱ የቀዳውን ዜማ ላከልኝና «ጋሼ፣ ያለ ሙዚቃ ስዘፍን ቅኝቴ ልክ ነው፤ ሄድፎን ሳደርግ ግን ሁልጊዜ ዝቅ እላለሁ፤ ድምፁን ስንት ላይ ላድርገው?» ብሎ ጠየቀኝ። በሁለት መስመር ልመልስለት እችል ነበር። ነገር ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ይህንኑ ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በፊት አንዲት ልጅ በሌላ አነጋገር ጠይቃኝ ነበርና፤ እኔም አልሰማኋትም።

ጊዜው 1986 ዓ.ም. ነው። ጉለሌ በተከራየኋት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ በካሴት የሚሠራ ባለ አራት ትራክ መቅጃ (አራት ድምፅ በየመስመሩ ለየብቻ የሚይዝ)፣ አንድ ማይክራፎንና ሁለት ሄድፎን ይዤ የጀማሪዎችን ሥራ እቀዳ ነበር። የመኝታ ክፍሉን ግድግዳ በብርድ ልብስና በጋቢ ሸፍኜዋለሁ፤ የምንቀዳውም መንገዱ ጭር ሲል፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። ልጅቷ ከወሎ የመጣች፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት ነበረች፤ የምትዘፍነውም በአምባሰል ቅኝት የተሠራ ዜማ ነው። ሻይ እስኪፈላ ስታንጎራጉር ሰምቻታለሁ፤ ድምጿን ስታንቆረቁረው አንዲት ኖታ እንኳ ከቦታዋ አትነቃነቅም ነበር።

ሄድፎኑን ካጠለቀች በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። የሁለታችንም ሄድፎን በማከፋፈያ ከአንድ ቀዳዳ የተሰካ ስለነበር እኔ የምሰማውን ነው እርሷም የምትሰማው፤ እኔ ደግሞ ኪቦርዱንና ከበሮውን አጥርቼ መስማት ስለፈለግሁ ሙዚቃውን ከፍ አድርጌዋለሁ። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ቆም አለችና «ጋሼ፣ ድምፄ አይሰማኝም» አለችኝ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምታደርጉትን አደረግሁ፤ የሄድፎኑን ድምፅ ጨመርኩላት። ሙዚቃውም አብሮ ጨመረ። እርሷም ሙዚቃውን ለማሸነፍ ትጮኽ ጀመር፤ ዜማው ሽቅብ በሚወጣበት ስንኝ ላይ ቅኝቱ ያመልጣታል፤ እኔም ቴፑን እያቆምኩ «ወርደሻል፤ እንደገና» እላታለሁ። ሊሸኛት የመጣው ወንድሟ በሩ አጠገብ እንቅልፍ ወስዶታል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሄድፎኑን አውልቃ፣ ገመዱን ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። በማግስቱ ለቅጂው ገንዘብ ያወጣው ሰው እንዴት እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ልጅቷ ቅኝት አትይዝም» አልኩት። ዜማው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

በ2004 ዓ.ም. አሮጌ ካሴቶቼን ወደ ኮምፒውተር ሳዛውር ያ ካሴት እጄ ገባ። ባለ አራት ትራክ መቅጃ አራቱንም መስመር በአንድ አቅጣጫ ስለሚቀዳ በተራ ቴፕ በትክክል ሊሰማ አይችልም፤ ስለዚህ አሮጌውን ማሽን አስጠግኜ የእርሷን ትራክ ለብቻው ከፈትኩት። በትንፋሿ መካከል ከበሮውና ኪቦርዱ ጥርት ብለው ይሰማሉ። ማይክራፎኑ ከሄድፎኑ ያመለጠውን ሙዚቃ ይህን ያህል ከያዘው፣ በልጅቷ ጆሮ ውስጥ ምን ያህል ይጮኽ እንደነበር አስቡት። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ እንደ ጨርቅ መፋተግ ያለ ድምፅ አለ፤ ከዚያ ወዲያ የሙዚቃው ፍንጣቂ ይበረታል። አንዱን ጆሮዋን ገልጣ ነበር። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ድምጿ ቦታውን ይይዛል፤ አራት ስንኝ ሙሉ ሻይ ሲፈላ የሰማኋት ልጅ ተመልሳ ትመጣለች። ቀጣዩ ላይ ቴፑ ይቆማል። ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ «ጆሮሽን ሸፍኚ፣ ሙዚቃው እየገባ ነው» እንዳልኳት ትዝ ይለኛል። በኋላ በደሴ በኩል አፈላለግኋት፤ አላገኘኋትም።

ሰው በጫጫታ መካከል ሲናገር ሳያውቀው ድምፁን እንደሚያጎላ ፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲየን ሎምባርድ እ.ኤ.አ. በ1911 አመልክቷል። በሄድፎን የሚዘፍንም ሰው እንዲሁ ነው፤ ሙዚቃው ሲጫነው ጉሮሮውን ያስጨንቃል፣ ጆሮውም በጩኸት ብዛት የኖታውን ከፍታ ለመለየት ይቸገራል። የራሱ ድምፅ ሲበዛበት ደግሞ ይሸማቀቃል፤ ዜማውን ሳያወጣው በከንፈሩ ይዘፍናል። ስለዚህ «ስንት ላይ ላድርገው» ለሚለው ቁጥር የለኝም። መጀመሪያ ሙዚቃውን ሙሉ በሙሉ ዝጋና በክፍሉ ውስጥ ስታወራ የምትሰማውን ያህል ድምፅህ ብቻ በሄድፎኑ ይሰማህ። ከዚያ ቅኝቱን የሚይዝልህን አንድ መሣሪያ፣ ክራሩን ወይም ኪቦርዱን፣ ቀስ እያልክ አምጣ፤ ከበሮው ምት እንጂ ቅኝት አይሰጥህምና መጨረሻ ላይ በትንሹ ይግባ። «ድምፄ አይሰማኝም» የሚል ስሜት በመጣ ቁጥር ሙዚቃውን ቀንስ። የማይክራፎኑን ጌይን ለዚህ ብለህ አትንካው፤ እርሱ የሚቀዳውን መጠን የሚወስን ነው፤ ከፍ ያለው ድምፅህ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 10 ወይም 12 ዴሲቤል አካባቢ ሲደርስ እዚያው ተወው።

ድምፅህ በኮምፒውተሩ በኩል ዞሮ የሚመለስልህ ከሆነ መዘግየቱን ተመልከት። በሰከንድ 44,100 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ስትቀዳ ባለ 512 ሳምፕል በፈር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድምፁን ለአፍታ የሚያጠራቅምበት ቋት፣ በአንድ ጉዞ ብቻ ወደ 12 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ደርሶ መልሱ ከ23 ያልፋል፤ ይህም የዘፋኙን ሐሳብ ይበትናል። ድምፅህን ከኢንተርፌሱ (ማይክራፎኑን ከኮምፒውተሩ ከሚያገናኘው መሣሪያ) በቀጥታ አዳምጥ፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ዝጋው፤ አለዚያ ሁለት ጊዜ ይሰማሃል። ትንሽ ሪቨርብ (ማስተጋባት) ለጆሮህ ብቻ ብትጨምር አልቃወምም፤ ሲበዛ ግን ስህተትህን ይደብቅብሃል። የዛሬ ልጆች ድምፅን ስክሪን ላይ በዓይናችሁ ማየት ትወዳላችሁ፤ የሳተውንም ኖታ በሶፍትዌር ታቃናላችሁ። ሶፍትዌሩ ኖታውን ያቃናው ይሆናል፤ የተጨነቀን ጉሮሮ ግን አያፍታታም።

ቁጥር የለኝም ብዬ ነበር፤ አንድ ግን አለኝ። ጆሮ እንዳይጎዳ፣ ጆሮ ላይ የሚደርስ 85 ዴሲቤል ድምፅ ለስምንት ሰዓት የሚፈቀድ ከሆነ፣ በየሦስት ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ይቀራል። የግራ ጆሮዬ ሌሊት ሌሊት ይጮኻል፤ የእናንተ እንዲጮኽ አልፈልግም።

አንድ ጆሮ ገልጦ መዝፈንን ለብዙ ዓመታት ከልክያለሁ፤ ፍንጣቂው ቅጂን ያበላሻልና ዛሬም አልወደውም። አንተ ግን ዛሬ ማታ ሞክረው። ሙዚቃውን በሙሉ ወደ ግራ አዙረው፤ የቀኙ ዝም ይበል፤ ቀኝ ጆሮህን ግለጥና አራት ስንኝ ቅዳ። ከዚያ ሙዚቃውን ሳትጨምር የድምፅህን ትራክ ብቻ ላክልኝ።