መጀመሪያ ስሟን፣ ከዚያ መርዟን

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ስትጠይቁኝ የከረማችሁት አንድ ነገር ነው። «ጋሼ፣ የተርብ መርዝ ካንሰር ይገድላል የሚባለው እውነት ነው? እኛስ እዚህ ሀዋሳ ሆነን በመርዝ ላይ መሥራት እንችላለን?»

እንዴታ! ከአንዲት የብራዚል ተርብ መርዝ የተገኘ ኤምፒ1 የሚባል ፔፕታይድ (ትንሽዬ የፕሮቲን ቁራጭ በሉት)፣ የካንሰር ሴሎችን ሽፋን እየበሳ ሲገድል ላብራቶሪ ውስጥ ታይቷል። መድኃኒት ግን ገና አልሆነም። ደግሞም ያ ሥራ ዋጋ ያገኘው ተርቧ የትኛዋ እንደሆነች በትክክል ስለታወቀ ነው። እናንተ ስሟን ሳታጣሩ ወደ መርዟ ትሮጣላችሁ።

እኔም ሮጬ አይቼዋለሁ። ወጣት ሳለሁ ሦስት ወር ሙሉ በሐይቁ ዙሪያና በበቆሎ ማሳ ውስጥ ተርብ ስሰበስብ ከረምኩ። እያንዳንዷን አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ እከትና ቦታውንና ቀኑን በብጣሽ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ አብሬ እጨምራለሁ። አንድ ቀን ቁም ሳጥኑን ስከፍት አልኮሉ ሰማያዊ፣ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ቀለሙ ሟሙቷል። የቷ ከየት እንደመጣች የሚነግረኝ ጠፋ፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እርሳስ ቢሆን አይለቅም ነበር። ስለዚህ በእርሳስ ጻፉ፣ እዚያው ማሳው ላይ፣ ማታ ቤት ገብቼ እጽፈዋለሁ አትበሉ። የመርዝ ከረጢቷን ካወጣችሁ በኋላም ገላዋን እንዳትጥሉ፤ ነገ ሰው «የትኛዋ ናት?» ቢላችሁ የምታሳዩት እሱን ነው።

ደግሞ የሚናደፉትን ብቻ አትከተሉ። አብዛኞቹ የተርብ ዝርያዎች ሰው አይነኩም፤ ሌሎች ነፍሳት ላይ ወይም ውስጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉ ጥቃቅን ናቸው። መናደፊያው ራሱ ከእንቁላል መጣያ አካል የመጣ ነው፣ ወንድ ተርብ የማይናደፈውም ለዚህ ነው። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች ገብቶ በቆሏችንን ሲያወድም፣ ኮቴሲያ አይሲፔ የምትባል ትንሽ ተርብ ትሉ ውስጥ እያደገች ስትገድለው በአገራችን ማሳዎች ተገኘች። ሳይንሳዊ ስሟ የወጣላት በዚያው በፈረንጆቹ 2017 ነበር! ስም ማውጣት አሰልቺ ሥራ ነው የምትሉኝ ልጆች፣ እስቲ ይቺን አስቡ።

ከየት እንጀምር ካላችሁ ከሾላ ጀምሩ። መቅላት የጀመረውን ፍሬ በምላጭ ለሁለት ክፈሉት። ውስጡ ክንፍ የሌላቸው ወንድ ተርቦች የፍሬውን ግድግዳ ሲበሱ፣ ሴቶቹ ደግሞ የአበባ ብናኝ ተሸክመው በዚያው ቀዳዳ ሲወጡ ታያላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ከሾላው ሥር አለሁ። እርሳስ ይዛችሁ ኑ።