ስለ ጣውላ አጥር ለጠየቃችሁኝ

ክፍተት ስላለው የጣውላ አጥር ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው በዛ፤ ደስ ብሎኛል። በአናጢነት ሥራ ካየሁት ልመልስ።

የባሕር ዛፍ ቋሚ ተክዬ በሁለተኛው ክረምት ዘመመ። ምን አጠፋሁ?

ወንድሜ፣ እንጨቱን አፈር ውስጥ ቀብረኸው ይሆናል። አጥር የሚበሰብሰው ከእግሩ ነው። ቋሚው ከአፈር በሚወጣበት ቦታ እርጥበትም አየርም ይገናኛሉ፤ ምስጡም የሚገባው ከዚያው ነው። እኔም የተማርኩት የሠራሁት አጥር ከላይ ደህና ሆኖ ከሥሩ ተበልቶ ሲወድቅ አይቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ቋሚውን ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት፣ አደርጋለሁ። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀብቼ በአርማታ እተክለዋለሁ፤ ጣውላው የሚታሰረው ከአፈሩ በላይ ነው። ከፍታው 1.80 ሜትር ከሆነ ጉድጓዱ ከ60 ሳንቲ አይነስ። የአርማታው አናት ከአፈሩ ከፍ ይበል፤ ውሃ እንዳይቋጥርም ዙሪያውን ዘቅዘቅ ይበል። ጣውላውም መሬት አይንካ፤ 5 ሳንቲ ከፍ አድርገው።

ብረት ተወዶብኛል። እንጨት ቋሚ ጭራሽ አይሆንም?

ይሆናል እህቴ። ጽድ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። ግን ከየት ተቆርጦ እንደመጣ ጠይቂ፤ የጽድ ደናችን ተመናምኗል። ባሕር ዛፍ ከሆነ እንደ መብራት ምሰሶ በመድኃኒት የታከመውን ፈልጊ።

አባቴ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡ ነበር። እኔስ?

ለጊዜው ያግዛል። ግን አፈር ይበክላል። አጠገቡ ጎመን ወይም ሰላጣ ካለ በፍጹም እንዳትቀባ።

በጣውላና በጣውላ መሃል ስንት ልተው? ሳሎኔ ከመንገድ እንዲታይ አልፈልግም።

እማማ፣ 2 ሳንቲ ገደማ ይበቃዎታል። ጣውላው ቁመቱን ይቆማል እንበል፤ ስፋቱ 10 ሳንቲ፣ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ያለው 2 ሜትር ነው። 16 ጣውላ 160 ሳንቲ ይይዛል። የቀረው 40 ሳንቲ ለ17 ክፍተት ሲካፈል 2.3 ሳንቲ አካባቢ ይደርሳል። አናጢዎ በዚያ ልክ ቁራጭ እንጨት ቆርጦ በየመሃሉ እያስገባ ይምታ፤ በዓይን ግምት አይሥራ። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ክፍተቱም ይሰፋል። ስለዚህ በደንብ የደረቀ ይግዙ። ነፋስ በክፍተቱ ስለሚያልፍም እንደ ቆርቆሮ አጥር አይገፋውም።

ምስማር ወይስ ብሎን?

ብሎን። ምስማር እንጨቱ በዝናብና በፀሐይ ሲያብጥና ሲኮማተር እየላላ ይወጣል። መጀመሪያ በቀጭን መብሻ ብሳው፤ አለዚያ የጣውላው ጫፍ ይሰነጠቃል።

ግቢዬ ቁልቁለት ነው።

በደረጃ አውርደው። ሲባጎ ወጥር፣ እያንዳንዱን ክፍል በውሃ ልክ ለካ። ከሥር የሚቀረውን ክፍተት በድንጋይ ሙላው።

ጎረቤቴ ወሰኔን አለፍክ ቢለኝስ?

ጉድጓድ ሳትቆፍር ካርታህን አውጣ። ጎረቤትህን ጥራና ሲባጎውን አብራችሁ ወጥሩ። አርማታ ከደረቀ በኋላ መንቀል ለሁለታችሁም ከባድ ነው።