ስለ ቻድ ጌብል ጠይቁኝ

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ሳምንት «በአሜሪካው የሬስሊንግ ድርጅት በደብሊው ደብሊው ኢ ውስጥ እንደ ቻድ ጌብል የተበደለ ሬስለር የለም» ብዬ ብጽፍ መልእክት ዘነበብኝ። ግማሹ ጥያቄ ነው፣ ግማሹ ስድብ። ስድቡን ለራሴ አስቀርቼ ጥያቄዎቹን ልመልስ። ቀኑም ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ እንዳትምታቱ።

እሱ ደግሞ ማነው? እኛ የምናውቀው ጆን ሲናንና አንደርቴከርን ነው። (ከቡሬ)

አልፈርድብህም ወንድሜ። እኔም ልጅ ሆኜ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቤ የማየው ግዙፍ ግዙፉን ነበር። ጌብል የሚኒሶታ ሰው ነው፣ በ1986 የተወለደ። ሪንግ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የምር ታጋይ ነበር። ታጋይ ስል የበረሃውን አይደለም! በ2012 ለንደን ኦሎምፒክ በግሪኮ ሮማን ትግል፣ በ84 ኪሎ አሜሪካን ወክሏል። ጥሩነሽ 10 ሺውን፣ ቲኪ ገላና ማራቶኑን ያሸነፉበት ኦሎምፒክ ማለት ነው። የመጀመሪያ ግጥሚያውን አሸንፎ በሁለተኛው በኩባዊ ተሸነፈ።

ግሪኮ ሮማን ከወገብ በታች መያዝ አይፈቅድም። እግር መጥለፍ የለም። ሰውየውን ደረትህ ላይ አቅፈህ፣ ከመሬት ነቅለህ፣ በጀርባው ታስቀምጠዋለህ። ጌብል በጣም የሚከብደውን ሰው ብድግ አድርጎ ወደ ኋላ ሲጥል የምታየው ከዚያ የመጣ ነው። የካሜራ ጨዋታ አይደለም።

ሁሉም ነገር ቀድሞ የተጻፈ አይደል? ታዲያ ምን ያናድድሃል? (ከፍኖተ ሰላም)

ይቺ ጥያቄ ቀርታ አታውቅም። አዎ፣ አሸናፊው ቀድሞ ይታወቃል። የሚያናድደኝም እሱ ነው። የኳስ ቡድንህ ሲሸነፍ ቢያንስ ሌላው በልጦት ነው ብለህ ትተኛለህ። እዚህ ግን ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ «ዛሬም አንተ ተሸነፍ» የሚል ሰው አለ። ለማን ትከሳለህ?

መውደቁ ግን ውሸት አይደለም። ከሸራው በታች ያለው ስስ ስፖንጅ፣ እንጨትና ብረት ነው። ጌብልም በ2025 ክረምት ትከሻውን ተጎድቶ ከሪንግ ርቆ ነበር።

እስቲ በደሉን ዘርዝርልን። (ከሞጣ)

ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ።

በ2016 ከጄሰን ጆርዳን ጋር «አሜሪካን አልፋ» የሚባል ጥንድ ነበራቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ መጀመሪያ በጀማሪዎቹ መድረክ በኤንኤክስቲ፣ ቀጥሎ ከዋናዎቹ ሳምንታዊ ትርኢቶች አንዱ በሆነው በስማክዳውን የጥንድ ሻምፒዮንነት ቀበቶ ወሰዱ። በ2017 ሐምሌ ላይ ደራሲዎቹ «ከርት አንግል የጠፋ ልጁን አገኘ» የሚል ታሪክ አመጡ። አንግል በ1996 አትላንታ ላይ በትግል የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደ ሰው ነው። እንግዲህ ኦሎምፒክ የሄደው፣ እንደ አንግል ቁርጭምጭሚት የሚጠመዝዘው ጌብል እዚያው ቆሟል። ልጅ ተብሎ የወጣው ግን ጆርዳን! ሙሽራውን ትቶ ሚዜውን እንደ መዳር ነው። ጥንዱ ያን ቀን ፈረሰ።

በ2019 የኪንግ ኦፍ ዘ ሪንግ ውድድር ፍጻሜ ደረሰ። ሕዝቡ አብሮት ነበር። ባሮን ኮርቢን አሸነፈው። እሱስ ይሁን። ቀጥሎ ምን አደረጉት? ስሙን ቀይረው «ሾርቲ ጂ» አሉት። በእኛ «አጭሬ» ማለት ነው። ኦሎምፒያን ላይ! ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ነው ይባላል። ማርቆስ ገበያ መሃል ብታቆመው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አንድ ዓመት ገደማ በዚያ ስም ኖረ።

ከዚያ ከኦቲስ ጋር አልፋ አካዳሚን መሠረተ። እሱ መምህር፣ ኦቲስ ተማሪ። 4 ነጥብ ያመጣሁ ሰቃይ ነኝ እያለ ይኮራል፣ ተመልካቹ ሲጮህበት «ሹሽ!» ይላል። እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፣ በጣም ሳቅሁ። በ2022 ጥር ራንዲ ኦርተንንና ሪድልን አሸንፈው የሌላውን ዋና ትርኢት፣ የራውን የጥንድ ቀበቶም ወሰዱ። ችግሩ ሰውየው ማሳቅ መቻሉ ነው። አንዴ ካሳቅክ ከቀልደኛ ወንበር አያስነሱህም።

አንድ ግጥሚያ ብቻ እንይ ብንል የቱን ትመርጣለህ? (ከዳንግላ)

መስከረም 4 ቀን 2023፣ ከጉንተር ጋር የገጠመውን። ጉንተር ኦስትሪያዊ ነው፤ ደረት ላይ በመዳፉ ሲመታ ድምፁ ጆሮ ያደነቁራል። ከዋናው በታች ያለውን የኢንተርኮንቲኔንታል ቀበቶ ይዞ፣ ሳያስነጥቁ የመያዝን የ454 ቀን ሪከርድ ሊሰብር ቀናት ቀርተውታል። ከሁለት ሳምንት በፊት ጌብል ዳኛው ቆጥሮ እስኪጨርስ ከሪንግ ውጭ አስቀርቶ በቆጠራ አሸንፎታል። በቆጠራ ሲሆን ግን ቀበቶ አይለወጥም። አሁን የመጨረሻው ዕድል ነው።

ያኔ እኛ ጋ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ግጥሚያውን ያየሁት ከወራት በኋላ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ጓደኛዬ በፍላሽ ይዞልኝ ነው። ዓለም ሁሉ ውጤቱን ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። ጓደኛዬ አፉን ይዞ አጠገቤ ተቀምጧል። ጌብል ጉንተርን ባነሳው ቁጥር እኔም ከወንበሬ እነሳለሁ። ተሸነፈ። ካሜራው ዞሮ የፊት ረድፍ ላይ የምታለቅስ ትንሽ ልጁን አሳየን። ጓደኛዬ «አልነገርኩህም» አለ። እውነቱን ነው፣ አልነገረኝም።

ጉንተር ቀበቶውን 666 ቀን ይዞ በ2024 ለሳሚ ዜን አስረከበ። ለዚያ ግጥሚያ ሳሚን ያሠለጠነው ማን መሰላችሁ? ጌብል። ከቀናት በኋላ በቁጣ ሳሚን ደበደበው። ሰው ሁሉ ከሃዲ አለው። እኔ አልፈረድኩበትም።

ጭምብል አድርጎ የመጣውስ? (ከባሕር ዳር)

ኤል ግራንዴ አሜሪካኖ! በ2025 ጭምብል አጥልቆ የሜክሲኮ ታጋይ ነኝ ብሎ መጣ። ሁሉም ያውቀዋል፣ እሱ ግን «እኔ አይደለሁም» ብሎ ድርቅ አለ። የዓመቱ ትልቁ ዝግጅት ሬስልማኒያ 41 ላይ በጭምብሉ ውስጥ ብረት ደብቆ ሬይ ፌኒክስን በቴስታ ጣለው። የሬስልማኒያ ድል ሲያገኝ እንኳን ፊቱ ተሸፍኖ ነው። በኋላ ሲጎዳ ጭምብሉን ሉድቪግ ካይዘር ለበሰው። ባለቤቱ ቤቱ ተኝቶ ጭምብሉ ሥራ ገባ።

ምናልባት የእሱ ቦታ ሌላውን ማሳመር ቢሆንስ? (ከእንጅባራ)

ይሄን ጥያቄ ከእንጅባራ አልጠበቅሁም። እናንተ ጥር ላይ ፈረሶቹን ታውቋቸዋላችሁ። ሸልመህ፣ አስጊጠህ፣ ሜዳው ዳር አስረህ ሌላው ሲጋልብ እንዲያይ የምታደርገው ፈረስ አለ? ሌላውን ማሳመርማ ይችልበታል። አንዴ ልጓሙን ላላ አድርጉለት ነው የምለው።

ልጄ ይሄን እያየ ታናሹን ፍራሽ ላይ ይወረውረዋል። ምን ላድርገው? (አባት፣ ከቢቸና)

ጋሼ፣ ይከልክሉት። በተለይ ከወገብ አቅፎ ወደ ኋላ መጣሉን። አንገት ላይ ካረፈ አደጋ ነው፤ ጌብል እንኳን ዓመታት ሠልጥኖበት ነው። ጉልበቱ ካልቻለ መስክ ላይ ከእኩዮቹ ጋር እንደ እረኛ ትግል ይያያዝ። እሱን እኛም አድገንበታል።

የት ነው የምታየው? (ከደጀን)

ራው ከ2025 ጥር ጀምሮ በኔትፍሊክስ ነው። በእኛ ሰዓት ማክሰኞ ሊነጋ ሲል፣ 9 ወይም 10 ሰዓት ሌሊት ላይ። እኔ ጠዋት ዩቲዩብ ላይ ቅንጭቡን አያለሁ። ዳታ ውድ ነው።

በዚህ ዕድሜው ምን ተስፋ አለው? (ከደብረ ማርቆስ)

ኮፊ ኪንግስተንን አስታውስ። ኩማሲ፣ ጋና የተወለደው። በ2008 ገብቶ 11 ዓመት ሌላውን አጀበ። በ2019 የካቲት ሙስጠፋ አሊ ተጎዳና ቦታው ለኮፊ ተሰጠ። ተመልካቹ ከዚያ በኋላ አልለቀውም፤ ሚያዝያ ላይ ዳንኤል ብራያንን አሸንፎ ዋናውን ቀበቶ ያዘ። ማንም አላቀደውም። በእርግጥ በጥቅምት ብሮክ ሌስናር 10 ሰከንድ እንኳን ሳይሞላ ነጠቀው፤ ይሄን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ለጌብል ዋናውን ቀበቶ አልጠይቅም። የኢንተርኮንቲኔንታሉ ይበቃኛል። በራሱ ስም፣ በራሱ ፊት፣ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ የምር ትግል። ኮፊን የረዳው የሰው ጉዳት ነው። ለጌብል ማንም እንዲጎዳ አልመኝም። (ኮርቢን ቢያስነጥሰው ግን አልከፋም።)

ቀበቶውን ቢይዝ ምን ትጋብዘናለህ? (ከዚያው ከማርቆስ)

ያ ቪዲዮ ቤት አሁን የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። ባለቤቱን አውቀዋለሁ፣ ለአንድ ሌሊት አግዳሚዎቹን እናስገባለን። ጠላውና ቆሎው ከእኔ። መብራት ስለማላምን ጄኔሬተር ያለው ከአሁኑ ስሙን ያስመዝግብ።